ከክንዳችን ጠባሳ እስከ ባክቴሪያው መርፌ፦ ጀርሞች ፕሮቲኖቻቸውን ወደ ሕዋሳችን እንዴት ያስገባሉ?

ከአንባቢያን መካከል ብዙዎቹ በላይኛው ክንዳቸው ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ጠባሳ አለቻቸው። በሕፃንነታችን ከተሰጠን የቢሲጂ ክትባት የቀረች ምልክት ናት። ቢሲጂ የሳንባ ነቀርሳን፣ በተለምዶ ቲቢ የምንለውን በሽታ፣ ለመከላከል የሚሰጥ ክትባት ነው። አገር ቤት ሳለን ይህች ጠባሳ ትዝ አትለንም። ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደን ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት የቲቢ ምርመራ ስንጠየቅ ግን ነገሯ ይነሣል። በክንድ ቆዳ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ይወጋል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ቦታው አብጦና ጠጥሮ ከተገኘ የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ሳይኖር እንዳልቀረ ይነገራል። ተመርማሪውም መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ሕፃን ሳለሁ ተከትቤ ነው እንጂ እኔስ ቲቢ የለብኝም» ይላል።

እውነቱ ከማን ጋር ነው? የቆዳው ምርመራ ይህን ሊፈርድ አይችልም፤ ክትባቱንም ባክቴሪያውንም በአንድ ዓይን ያያቸዋልና። ከዚያ በኋላ የመጣው የደም ምርመራ ግን ሁለቱን ይለያል። የሚለይበት ምክንያት አስገራሚ ነው። ክትባቱ የተሠራበት ባክቴሪያ ከመቶ ዓመት በፊት ያጣው አንድ መሣሪያ አለ፤ ያም መሣሪያ ፕሮቲኖችን ከባክቴሪያው አውጥቶ ከእኛ ሕዋስ ጋር የሚያገናኝ ነው። ስለዚህ የምርመራውን ወረቀት በትክክል ለማንበብ በመጀመሪያ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ፕሮቲኖቻቸውን እንዴት ወደ ሰው ሕዋስ እንደሚያደርሱ ማወቅ ይጠቅመናል።

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሥጋና ሽሮ ነው። በሕዋስ ውስጥ ግን ፕሮቲን ሠራተኛ ነው። በር የሚከፍተው፣ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው፣ የሚገነባውና የሚያፈርሰው እርሱ ነው። ባክቴሪያ ጥርስም ጥፍርም የለውም። የታይፎይድና የብዙ የምግብ መመረዝ ሕመሞች መንሥኤ የሆነውን ሳልሞኔላን ብንወስድ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ አምስት መቶ ሳልሞኔላዎች ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ይህ ኢምንት ፍጥረት ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን የሰው ሕዋስ ማሸነፍ የሚችለው የራሱን ሠራተኞች በሰውዬው ቤት ውስጥ ማሰማራት ሲችል ነው።

ችግሩ ግንቡ ነው። ሕዋስ ሁሉ ገለፈት በሚባል፣ ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ፕሮቲንም እንዲሁ በቀላሉ አያልፈውም። ሳልሞኔላና ዘመዶቹ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ገለፈት፣ በመካከላቸውም አንድ ጠንካራ ግድግዳ አላቸው። በዚያ ላይ የሰው ሕዋስ የራሱ ገለፈት ሲጨመር፣ ከባክቴሪያው ሆድ የተነሣ ፕሮቲን ሦስት ገለፈቶችን ተሻግሮ ነው ሥራው ቦታ የሚደርሰው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህን ጣጣ በከፊል ያቃልሉታል። የኮሌራ ባክቴሪያ ለምሳሌ መርዙን ወደ አንጀት ውስጥ ይለቀዋል፤ ሕዋሱን ፈልጎ የሚገባው መርዙ ራሱ ነው። ሌሎቹ ግን ዕድላቸውን ለአጋጣሚ አይተዉም፤ ከሕዋሱ ጋር ተጣብቀው በቀጥታ ይወጋሉ።

ይህ የመውጋት ሥራ የታወቀው እጅግም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድንና በቤልጂየም የሚሠሩ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ የርሲኒያ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከሰው ሕዋስ ውጭ እንደተጣበቁ ሳሉ ፕሮቲኖቻቸው በሕዋሱ ውስጥ እንደሚገኙ አሳዩ። የቸነፈር ባክቴሪያ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ሊውጠው የመጣውን ነጭ የደም ሕዋስ ገና ከደጅ ሳለ ያደነዝዘዋል፤ ቸነፈር በጥንት ዘመን አገር ያጠፋበት ኃይል አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ፕሮቲኖቹ በምን መንገድ እንደገቡ በዓይን የታየው ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። ቶሞኮ ኩቦሪ፣ ሆርሄ ጋላንና ባልደረቦቻቸው የሳልሞኔላን ገለፈት በጥንቃቄ አፍርሰው ቅሪቱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ መሠረቱ በሁለቱ ገለፈቶች ላይ እንደ ቀለበት የተተከለ፣ ከዚያም ወደ ውጭ የሾለ ጥቃቅን መርፌ አገኙ።

«መርፌ» የሚለው ቃል እዚህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሲታይ መርፌ ነው። ርዝመቱ አንድ መቶ ናኖሜትር አይሞላም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ቢነጻጸር በሺህ ጊዜ ገደማ ያንሳል። በመካከሉ ያለው ቀዳዳ ከሁለት እስከ ሦስት ናኖሜትር ብቻ ስፋት ስላለው ተጠቅልሎ የተቀመጠ ፕሮቲን አያልፍበትም። ስለዚህ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን እንደ ክር ዘርግቶ በቀዳዳው ያሳልፈዋል፤ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ተመልሶ ይጠቀለልና ሥራውን ይጀምራል። መርፌው ሕዋሱን በሹልነቱ አይበሳም። ከጫፉ የሚወጡ ሌሎች ፕሮቲኖች በሕዋሱ ገለፈት ላይ ቀዳዳ ይሠሩለታል። ሳይንቲስቶች ይህን አሠራር «ዓይነት ሦስት» የፕሮቲን ማስወጫ ሥርዓት ይሉታል። ባክቴሪያዎች የሚዋኙበት ጅራት መሠረቱ ከዚህ መርፌ መሠረት ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ሁለቱ በዘር ሐረግ እንደሚገናኙ አያጠራጥርም።

የሳልሞኔላ ተንኮል የሚታየው በመርፌው በኩል በሚልካቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። የአንጀታችንን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ባክቴሪያ የመዋጥ ልማድ የላቸውም። ሳልሞኔላ ግን ሶፕኢ የተባለውን ፕሮቲን ይልክባቸዋል። ይህ ፕሮቲን የሕዋሱን የውስጥ አጽም የሚያንቀሳቅሰውን ማብሪያ ያበራዋል፤ የሕዋሱ ገጽ እንደ ማዕበል ይነሣና ባክቴሪያውን ከብቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሌባው በሩን አልሰበረም፤ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ እንዲያስገባው አደረገ እንጂ። ነገር ግን ሕዋሱ እንዲያ እንደተናወጠ ቢቀር ይሞታል፤ ማደሪያ የሚፈልግ ባክቴሪያ ደግሞ ቤቱ እንዲፈርስበት አይሻም። ስለዚህ ኤስፒቲፒ የተባለ ሁለተኛ ፕሮቲን በዚያው መርፌ ይገባና ያንኑ ማብሪያ ያጠፋዋል። ሕዋሱም ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚያበራውና የሚያጠፋው በአንድ ጊዜ ገደማ ከገቡ ለምን እርስ በርሳቸው አይጣፉም? ኩቦሪና ጋላን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት መልስ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ሁሉ የሚደነቅ ነው። የሰው ሕዋስ ያረጁና የማይፈለጉ ፕሮቲኖችን የሚፈጭበት የራሱ ወፍጮ አለው። ያ ወፍጮ ሶፕኢን በፍጥነት፣ ኤስፒቲፒን ግን በዝግታ ይፈጫል። ባክቴሪያው ሰዓት አያስፈልገውም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚጠብቅለት የተጠቂው ሕዋስ ራሱ ነው።

ሌሎች ባክቴሪያዎች በዚሁ መሣሪያ ሌላ ሥራ ይሠሩበታል። በሕፃናት ላይ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት የኢ. ኮላይ ዓይነቶች አንዱ በሕዋሱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ነገር ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ቫንኩቨር የሚሠሩት ብሬት ፊንሌይና ባልደረቦቻቸው እንዳረጋገጡት፣ ባክቴሪያው ቲር የተባለውን ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ይወጋል፤ ቲር ወደ ሕዋሱ ገጽ ብቅ ይላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ በእርሱ ላይ ይጣበቃል። የሚቀመጥበትን በርጩማ ይዞ የመጣ እንግዳ እንደ ማለት ነው። በአገራችን ሰው ዘንድ የጨጓራ ባክቴሪያ በመባል የሚታወቀው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም የራሱ መሣሪያ አለው፤ ይህኛው «ዓይነት አራት» ይባላል። ካግኤ የተባለውን ፕሮቲን ወደ ጨጓራ ሕዋስ ያስገባል፤ ካግኤ ያላቸው የባክቴሪያው ዝርያዎች ከቁስለትና ከጨጓራ ካንሰር ጋር ያላቸው ዝምድና ከሌሎቹ የጠነከረ ነው።

ወደ ቲቢ እንመለስ። የቲቢ ባክቴሪያ እንደ ሳልሞኔላ ያለ መርፌ የለውም። ግንቡም የተለየ ነው፤ ሰም በሚመስል ወፍራም ቅባት ተሸፍኗል። በሕመምተኛ ሳል ከወጣ ጠብታ ጋር ወደ ሳንባችን ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ያገኘዋል፤ እንደ ደንቡም ይውጠዋል። በሕዋሱ ውስጥ በከረጢት ይታሰራል። ሌላ ጀርም ቢሆን ወደ ከረጢቱ አሲድና ፈጪ ፕሮቲኖች ይፈስሱበትና ያልቅለታል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን አስቀድሞ ይህ እንዳይሆን ያዘገያል፤ ቀጥሎም የከረጢቱን ገለፈት ይጎዳል። እስር ቤቱ ሲቀደድ ባክቴሪያው ከሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ጋር ይገናኛል፤ ሕዋሱም ውሎ አድሮ ይሞታል፤ ባክቴሪያዎቹም ወደ ሌላ ማክሮፌጅ ይሻገራሉ።

ይህን የመቅደድ ሥራ የሚያስችለው ኢኤስኤክስ-1 የተባለ፣ በ«ዓይነት ሰባት» የሚመደብ የፕሮቲን ማስወጫ ሥርዓት ነው። በእርሱ በኩል ከሚወጡት ፕሮቲኖች ሁለቱ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ፤ አንዱ ኢሳት-6፣ ሌላው ሲኤፍፒ-10 ይባላል። (የመጀመሪያው ስም አንባቢያን ከሚያውቁት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስም ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።) ገለፈቱን የሚቀድደው ኢሳት-6 ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ነው በሚለው ላይ ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ሥርዓቱ ከጠፋ ግን ባክቴሪያው እጅግ እንደሚደክም ተረጋግጧል። ይህን ሙከራ ደግሞ ማንም ሳያስበው በመጀመሪያ የሠሩት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው።

አልበር ካልሜትና ካሚይ ጌሬን በፈረንሳይ ሊል ከተማ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ከታመመች ላም የተገኘን፣ የሰው ቲቢ የቅርብ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ወስደው፣ ከበሬ ሐሞትና ከግሊሰሪን ጋር በተቀቀለ የድንች ቁራጭ ላይ አሳደጉት። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ወደ አዲስ ድንች ያዛውሩት ነበር። ከተማቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ስትያዝ እንኳ ሥራው አልተቋረጠም። ለ13 ዓመታት፣ ወደ 230 ጊዜ ያህል ካዛወሩት በኋላ ባክቴሪያው እንስሳትን መግደል ተወ፤ ሆኖም ሰውነትን ለመከላከል ያነቃቃ ነበር። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ ለአንድ ሕፃን ተሰጠ። ቢሲጂ የሚለው ስም የእነዚሁ የሁለት ሰዎች መታሰቢያ ነው፤ «የካልሜትና የጌሬን ባሲለስ» ማለት ነው።

ባክቴሪያው ምን አጥቶ እንደለዘበ ካልሜትም ጌሬንም ሳያውቁት አለፉ። ድንች ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ከማንም ጋር አይዋጋም፤ የማይዋጋ ደግሞ መሣሪያው ቢጠፋበት አይጎዳም። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 የቢሲጂን የዘር መልእክት ከወላጁ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አርዲ-1 ብለው የሰየሙት አንድ ቁራጭ በየአገሩ በሚሠሩት የቢሲጂ ዝርያዎች ሁሉ እንደጎደለ ሲያዩ ነው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ኢሳት-6ን፣ ሲኤፍፒ-10ን እና የማስወጫውን ሥርዓት ክፍሎች የሚሠሩ ጂኖች ነበሩ። ከዚያም በ2002 ቁራጩ ወደ ቢሲጂ ሲመለስ ባክቴሪያው ከቀድሞው ይልቅ በረታ፤ በተከታዩ ዓመት ከእውነተኛው የቲቢ ባክቴሪያ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ባክቴሪያው ደከመ። በክንዳችን ያለችው ጠባሳ እንግዲህ መሣሪያውን ካጣ ባክቴሪያ ጋር የተገናኘንባት ቦታ ናት።

የደሙ ምርመራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም ከኢሳት-6ና ከሲኤፍፒ-10 ቁርጥራጮች ጋር ተደባልቆ ያድራል። የመከላከያ ሕዋሶቻችን እነዚህን ፕሮቲኖች ከዚህ በፊት ካወቋቸው ጋማ ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክተኛ ያመነጫሉ፤ ላቦራቶሪው የሚለካው እርሱን ነው። ከቢሲጂ ብቻ ጋር የተገናኘ ሰው እነዚህን ፕሮቲኖች አያውቃቸውም፤ ክትባቱ አልያዛቸውምና። የቆዳው ምርመራ ፈሳሽ ግን ከብዙ የቲቢ ፕሮቲኖች የተቀመመ ሲሆን ብዙዎቹ በቢሲጂም ውስጥ ይገኛሉ። ቢሲጂ ለተከተቡ ሰዎች የደሙ ምርመራ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት በእነዚሁ ሁለት ፕሮቲኖች ብቻ የሚሠሩ አዳዲስ የቆዳ ምርመራዎችን ተቀብሏል።

ስለዚህ በደም ምርመራ «አለ» ተብሎ የመጣ ውጤት «ክትባቴ ነው» በሚል ሊታለፍ አይገባም። ለቆዳው ምርመራም ቢሆን ይህ ሰበብ ከምናስበው በላይ ደካማ ነው፤ በተወለድን ሰሞን የተሰጠን ክትባት በቆዳ ምርመራ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከአሥር ዓመት በኋላ በአብዛኛው ይደበዝዛልና። ቲቢ ከሚበዛበት አገር የመጣ ጎልማሳ ክንዱ በጉልህ ካበጠ፣ ከባክቴሪያው ጋር በእርግጥ ተገናኝቶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር መያያዝ አለበት። ሁለቱም ምርመራዎች ባክቴሪያው መኖሩን እንጂ መታመማችንን አይናገሩም። ከዓለም ሕዝብ አራት አንድ እጅ የሚሆነው በቲቢ ባክቴሪያ እንደተያዘ ይገመታል፤ ከእነዚህ መካከል በዕድሜያቸው ዘመን የሚታመሙት ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ናቸው። ባክቴሪያው ተኝቶ የሚኖርበት ሰው አያስልም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ሐኪም የደረት ራጅ የሚያዘው የተኛውን ከነቃው ለመለየት ነው። የመከላከያው መድኃኒትም ዛሬ እንደ ድሮው ዘጠኝ ወር ብቻ አይደለም፤ በሦስት ወይም በአራት ወር የሚያልቁ አማራጮች አሉ። ዓለም አቀፉ ቁጥር እንዳያዘናጋን ደግሞ፣ በ2023 ብቻ ቲቢ 1.25 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል።

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከዴንማርክ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከቲቢ ሕመምተኞች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ጤነኛ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ደማቸው ለኢሳት-6 ብርቱ ምላሽ ከሰጠው መካከል ኋላ ላይ የታመሙ እንደተገኙ ገልጸዋል። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን በብዛት የሚያወጣው ሲበረታ ነውና፣ የደሙ ምላሽ ወደፊት የሚመጣውን ሕመም ሊጠቁም ይችላል የሚለው ሐሳብ እንደነዚህ ካሉ ጥናቶች ተነሥቷል።

ቢሲጂ ሕፃናትን ከአእምሮ ሽፋን ቲቢና በመላ አካል ከሚሰራጨው ቲቢ በሚገባ ይጠብቃል፤ አዋቂዎችን ከሳንባው ቲቢ በመጠበቅ ረገድ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ተተኪ እየተፈለገ ነው። ከተተኪዎቹ አንዱ ኤምቲቢቫክ የሚባለው፣ ከላም ባክቴሪያ ሳይሆን ከሰው ቲቢ ባክቴሪያ የተሠራ ክትባት ነው፤ በአፍሪካ አገሮች በሚወለዱ ሕፃናት ላይ በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ እየተፈተነ ይገኛል። ሠሪዎቹ አርዲ-1ን አልቆረጡትም። ሁለት ሌሎች ጂኖችን አስወግደው፣ ባክቴሪያው ኢሳት-6ን እየሠራ ወደ ውጭ ግን እንዳያወጣው አደረጉ፤ ፕሮቲኑ ከባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ይቀራል። በቀደሙት ሙከራዎች ከተከተቡት ሕፃናት ብዙዎቹ፣ በተለይም ከፍ ያለ መጠን የተሰጣቸው፣ ቲቢ ሳይኖርባቸው የደም ምርመራቸው «አለ» የሚል ውጤት አሳይቷል። ክትባቱ ተሳክቶ በሰፊው ቢሰጥ፣ ክትባትን ከበሽታ የሚለይ ሌላ ምርመራ እንደገና መፈለግ ግድ ይሆናል።